የሲያኦሲ ብጉንጅ

ሲያኦሲ የጤና ኬላውን በር ገፍቶ ነርሷን እንዳየ ዞሮ ሊሮጥ ሲል፣ ሚስቱ ሉፔ እንደ አገሩ ልማድ ወገቡ ላይ የጠመጠመውን ሰሌን ጨምድዳ ያዘችው። የወትሮዋ ነርስ ወደ ዋና ከተማው ወደ ኑኩአሎፋ ሄዳለች። ተረኛዋ ሜሌአና ነበረች፤ ታላቅ እህቱ። ብጉንጁ ደግሞ መቀመጫው ላይ ነው።

በዚህች ደሴት ያደገ ወንድ እህቱ ፊት ስለ ገላው ትንፍሽ አይልም። ስለ መቀመጫውማ ከሚያወራ ባሕር ቢገባ ይመርጣል።

ሜሌአና መጋረጃውን ጋረደችለት። እሱም ከመጋረጃው ጀርባ ቆመ፤ መቀመጥ ከተወ ሰንብቷል።

"ሉፔ፣ በሽተኛው ትኩሳት አለው?"

"እንደ ምድጃ ይፋጃል፣ እትዬ። ብሽሽቱ ላይም ንፍፊት ወጥቶበታል።"

"ንፍፊቱ የዘብ ሰፈር ነው በይው። ነጭ የደም ሴሎች ባክቴሪያውን እዚያ ነው የሚጠብቁት። መግሉም ቢሆን በብዛት ባክቴሪያውን ሲውጡ የሞቱ ሴሎች ነው።"

"ታዲያ ዘቦቼ እያሸነፉ ነዋ!" አለ ሲያኦሲ፣ ቤተ ክርስቲያን በሚዘምርበት ወፍራም ድምፁ። "መርፌ ምን ያደርጋል በያት!"

"ነካክቶታል ወይ?" አለች ሜሌአና።



"ትናንት በሎሚ እሾህ ወግቶ ሲጨምቀው ነበር፣" አለች ሉፔ። "ተው ስለው 'ወንድ ነኝ' አለኝ።"

"አንቺ!"

የሜሌአና ድምፅ ተለወጠ። "ሴሎቹ ዙሪያውን አጥረውለት ነበር። አጥሩን በገዛ እጁ አፈረሰው! ቀይ መስመር ወደ ብሽሽቱ ሄዷል?"

ሉፔ ልብሱን ገልጣ አየች። "ሄዷል።"

ሜሌአና ፈራች። ያላት ወንድም እሱ ብቻ ነው። "ከእንግዲህ ሴሎቹ ብቻቸውን አይችሉትም። ዛሬውኑ ተከፍቶ ካልጸዳና መርፌ ካልተወጋ ባክቴሪያው ደሙ ውስጥ ይገባል። መግባቴ ነው በይው።"

"ከምታየኝ ብሞት ይሻለኛል በያት!"

"ስትሞት ለቀብርህ ድግስ የሚታረዱት የእኔ አሳማዎች ናቸው፣" አለች ሉፔ። "አልፈቅድም!"

ሲያኦሲ ትንሽ አሰበ። ከዚያ አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ። ሜሌአና መጋረጃውን ስትገልጥ፣ አንድ ግዙፍ ሰው በሆዱ ተኝቶ ሸሚዙን እስከ አናቱ ድረስ ተከናንቧል።

"ይሄ ሰውዬ ደግሞ ማነው?" አለች።

"እኔ እንጃ፣ እትዬ። መንገድ ላይ ነው ያገኘሁት።"

"ምስኪን!" ሜሌአና አልኮል የነካውን ጥጥ አነሳች። "ዘመድም የለው?"

"እህት አለችኝ፣" አለ ወፍራሙ ድምፅ ከሸሚዙ ውስጥ። "እንዳትነግሯት።"