ጀርባውን ያዞረው ሰውዬ

መምህርቷ የዚያን ቀን ያህል ሰው አስቃ አታውቅም።

ኮሌጁ በየወሩ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ንግግር ያዘጋጃል። ተራው የእሷ ሲደርስ አንድ የድሮ የሕንድ የድብድብ ፊልም መረጠች። ባልደረቦቿ «ምነው፣ ሌላ ፊልም ጠፍቶ ነው?» ብለው ስለተሳለቁባት እልህ ይዟት፣ ደህና አድርጋ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው። አዳራሹ ሞልቶ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙም ነበሩ።

የፊልሙ ታሪክ ቀላል ነው። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አለ። አባቱን አንድ የድንጋይ ካባ ባለቤት አስገድሎበታል። እናቱ በሬሳው ፊት ቃል ታስገባዋለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ነገር፣ ፍቅሩም ዘፈኑም ድብድቡም፣ ወደዚያ ቃል የሚወስድ መንገድ ነው።

«ልብ በሉ፣» አለች መምህርቷ፣ «ጀግናው ፈጽሞ አይለወጥም። ገና ሲጀመር ያመነውን ሲያልቅም ያምናል። ጠላቶቹም ቢሆኑ አዛኞች ናቸው። ያ ሁሉ ሰው ባንዴ እንደ መረባረብ፣ ዳቦ እንደሚገዛ ሰው ተራ ይዞ እየመጣ ይመታለታል።»

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ጣፈጣት።

«ስለዚህ የታሪኩ ማጠፊያ ያለው ሌላ ሰው ላይ ነው፤» ብላ የካባውን ባለቤት ቀኝ እጅ፣ ባለ ነጭ ሻርፑን ሰውዬ አሳየቻቸው። ጀግናው ቆስሎ ከድልድይ ላይ በአንድ እጁ ተንጠልጥሏል። ባለ ሻርፑ ሽጉጡን ይደግንበታል፤ ትንሽ ይቆይና ዝቅ ያደርገዋል፤ ከዚያ ጀርባውን አዙሮ ይሄዳል።

«አሁን ይሄ ሰው ማረው ወይስ አልማረውም?» አለች። «ሂንዲ ለሚችል ሰው ጥያቄ የለውም። ሰውዬው ለጓደኛው ‹ጥይቴ አልቋል፣ ወንዙ ይጨርሰው› ነው የሚለው። ቋንቋውን የማይችል ግን የራሱን ፊልም ይሠራል። ለምሳሌ አንድ የማውቃቸው በያጅ አሉ…»

እዚህ ላይ ማቆም ነበረባት። ግን ሰዉ ገና በያጅ የሚለውን ቃል ሲሰማ ፈገግ ብሏልና ቀጠለች። ወንበር ስባ ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ሱሪ ከጉልበት ከፍ እንደማድረግ አለች፤ ጭኗን በጥፊ መታች፤ ድምጿን አጎርንና «አንተ! ዞር በል እንጂ! ከኋላህ ነው!» ብላ በግድግዳው ላይ ወዳለው ምስል ጮኸች። ከዚያ ባለ ሻርፑ ጀርባውን ሲያዞር «ማረው! አያችሁ፣ ማረው!» አለችና በሸሚዟ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች፤ ቀጥላም ዓይኗን እያሸች «አላለቀስኩም፣ ብየዳው ነው» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከፊት ወንበር የተቀመጠው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እንኳን መነጽሩን አውልቆ እንባውን ጠረገ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። በያጁ አባቷ ነበሩ። እሳቸውም ከኋላ፣ ከዓምዱ አጠገብ፣ ካፖርታቸውን አስተኩሰው ለብሰው ተቀምጠው ነበር።

እሷ አልጠራቻቸውም። ታናሽ ወንድሟ ነው «እህቴ ስለዚያ ፊልምህ ልታስተምር ነው» ብሎ የነገራቸው። ጭብጨባው አልቆ ሰዉ ሲነሳ ነው ያየቻቸው። ሌላው ማጨብጨቡን ትቶ እሳቸው ብቻ ገና እያጨበጨቡ ነበር። በጓሮ በር መውጣት አሰበች፤ ግን ኃላፊው አጠገቧ ቆሞ እያመሰገናት ነበር። አባቷ ደግሞ በወንበሮቹ መሃል ባርኔጣቸውን ይዘው ቀስ እያሉ መጡ።

«በጣም ጥሩ ነበር» አሉ።

ኃላፊው እጁን ዘረጋላቸው። «እንኳን ደህና መጡ አባቴ። ይተዋወቃሉ እንዴ?»

አባቴ ናቸው ብትል፣ ያ በያጅ ማን እንደሆነ ባንዴ ይታወቃል። ይህ ሁሉ ሰው ዞሮ ያያቸዋል። ለእሳቸው ብዬ ነው ብላ ራሷን አታለለች።

«ጎረቤታችን ናቸው» አለች። ከዚያም ወደ አባቷ ዞራ፣ አንድም ቀን ከአንተ በቀር ብላቸው የማታውቀውን ሰው፣ «መምጣትዎን አልነገሩኝም እኮ» አለቻቸው።

አባቷ አንዴ ዓይኗን አዩ። ፊታቸው አልተለወጠም።

«አዎ፣ ጎረቤት ነኝ» አሉ ለኃላፊው። «መምህርትን ከልጅነታቸው ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ጎበዝ ነበሩ።»

ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

መምህርቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሰው እየመጣ እጇን ይጨብጣል፤ «እንዴት አድርገሽ መሰልሽው!» ይላታል፤ እሷ የምትሰማው ግን «አውቃቸዋለሁ» የሚለውን ብቻ ነው። አባት ልጁን አንቱ ሲላት! ቦርሳዋን በትከሻዋ እንኳን ሳታንጠለጥል፣ በእጇ እንደያዘች ሮጣ ታክሲ ያዘች።

አባቷ ቤት ስትደርስ ካፖርታቸውን ሰቅለው፣ ሸሚዛቸውን ቀይረው፣ የላላ የመስኮት ማጠፊያ እያጠበቁ አገኘቻቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሲከፋቸው የሚያጠብቁት ነገር ይፈልጋሉ።

«መጣሽ?» አሉ ሳይዞሩ። «እስቲ ያንን መፍቻ አቀብዪኝ።»

አቀበለቻቸው። ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት ቀደሟት።

«እውነት ጥይት አልቆበት ነው?»

‹ፊልም ነው አባዬ፣ ሁሉም እንደገባው ይተረጉመዋል› ብትላቸው ደስ ይላቸው ነበር። ግን የዕለቱን ውሸቷን ዋሽታ ጨርሳለች፤ ሌላ የምትጨምርበት ፊት አልነበራትም።

«አዎ አባዬ። ጥይቱ አልቆ ነው።»

«ወንዙ ይጨርሰው ነው ያለው?»

«እንደሱ ነው ያለው።»

መፍቻውን መስኮቱ ላይ አስቀመጡና ሳቅ አሉ። «ጉድ ነው! እኔ እኮ እሱን አይቼ ሰው ምሬያለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። እሷ ገና ትንሽ ሳለች፣ አንድ አብሯቸው የሚሠራ ሰው ከወርክሾፑ የመበየጃ ገመድ ጠቅልሎ ከኮቱ ሥር ሲደብቅ ፊት ለፊት ያዙት። ሰውዬው ልጁ ታሞበታል። አለቃቸው ደግሞ ርኅራኄ የሚባል ያልፈጠረበት ነው። በዚያው ሰሞን ፊልሙን አይተው ስለነበር፣ ባለ ሻርፑ ትዝ ብሏቸው አንድ ቃል ሳይናገሩ ጀርባቸውን አዞሩ። ገመዱ በማግስቱ ቦታው ተመልሶ ተገኘ።

«ታዲያ ያንን ሰውዬ በስህተት ነዋ የማርኩት!» አሉና ጭናቸውን በጥፊ መቱ።

ያንን ጥፊ ስታይ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «ይቅር በለኝ አባዬ። ይቅር በለኝ።»

«ተይ፣ ልብስሽን አቧራ ታስነኪያለሽ።» እሳቸውም እያቃሰቱ አጠገቧ ተቀመጡ። «በማስመሰልሽ አልተከፋሁም። ስትጮሂ እኔም ከሰዉ ጋር ስቄያለሁ። አፍንጫዬን ስጠርግ እንደሱ ነኝ፤ እናትሽም ስትነዘንዘኝ ነው የኖረችው። ግን…» አቆሙ። የወለሉን ጣውላ በአውራ ጣታቸው ፈተጉ። «ግን ጎረቤት ስትይኝ፣ ለካ የተሳቀው በእኔ ነው አልኩ። እስከዚያ ድረስ ከእኔ ጋር የሚሳቅ ነበር የመሰለኝ።»



ሰኞ ጠዋት ክፍል ከመግባቷ በፊት ኃላፊው ቢሮ ሄዳ፣ ቆማ ነገረችው። ኃላፊው ብዕሩን እያገላበጠ አዳመጣት።

«ያኔውኑ ገብቶኝ ነበር» አላት። «አፍንጫችሁ አንድ ነው። እሳቸው ጎረቤት ነኝ ሲሉ የት ልግባ ብዬ ነበር።»

ማንም አላወቀብኝም ብላ ነበር እስከዚያች ደቂቃ ድረስ። አንገቷ ድረስ ጋለች።

ለተማሪዎቿም ነገረቻቸው። ያ በያጅ አባቷ መሆናቸውን፣ አዳራሹ ውስጥ እንደነበሩ፣ በሰው ፊት እንደካደቻቸው፣ ሳታስጌጥ ተናገረች። ከኋላ አንዷ ልጅ፣ ክፋት ሳይኖራት፣ «ግን እኮ በጣም ያስቅ ነበር» አለች።

«ያስቃል» አለች መምህርቷ። «ያስቃል፤ እኔም ስላሳቀኝ አላቆምኩም።» ወደ ሰሌዳው ዞራ ትምህርቷን ልትጀምር ጠመኔ አነሳች፤ ምን ልትጽፍ እንደነበር ግን ጠፋባት። ተማሪዎቹ ቀና ብለው ጠበቋት። በመጨረሻ የዕለቱን ቀን ጻፈች።

እሑድ አባቷ ዘንድ ሄደች። «ነገርኳቸው» አለቻቸው።

«ለማን?»

«ለተማሪዎቹ። ለኃላፊውም።»

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ ባይነገርም ይቀር ነበር» አሉ። «ለራስሽ ከሆነ ግን ደግ አደረግሽ።»

«የሚቀጥለው ወር ደግሞ ሌላ ሰው ነው የሚናገረው፤ አብረን እንሂድ? ከፊት ከእኔ ጋር ትቀመጣለህ።»

«እኔ አልሄድም ልጄ» አሉ በለሆሳስ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይቀላት ነበር። «በልተሻል?»

አልበላችም። አባቷ ምሳ ሊያሞቁ ወደ ማድቤት ገቡ። ክዳን ሲወድቅና «እሰይ!» ብለው ለራሳቸው ሲያጉረመርሙ ሰማቻቸው። ተነስታ ልታግዛቸው ፈለገች፤ ግን አልሄድም ሲሏት የጋለው ፊቷ ገና ስላልበረደ፣ እንዳያዩት ትንሽ ተቀመጠች።