የሰኔ ሃያ ፎቶዎች

ሪሃብ ሥራውን በመቀበሏ የተጸጸተችው ገና በመጀመሪያው ሰዓት ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ተምራለች። ካርቱም ካመለከተችበት መሥሪያ ቤት መልስ እስኪመጣ ድረስ ገዳሪፍ ገበያ ከኢትዮጵያዊው አባቷ ከያዕቁብ ሱቅ ተቀምጣ ጨርቅ ስትቀድ ከርማለች። አንድ የውጭ ድርጅት በኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ላሉ አዛውንቶች ዲጂታል ካሜራ የሚያስተምር፣ አማርኛና ዐረብኛ የሚችል ሰው ሲፈልግ ከሱቁ መውጣት ብቻ ስለፈለገች ፈረመች። የድርጅቱ መኪና ጠዋት ያደርሳታል፤ እኩለ ቀን ላይ ጥሩምባውን ነፍቶ ይመልሳታል። ካመለጣት የምትመለሰው ከጭነት መኪና ላይ ተሰቅላ፣ አቧራ እየቃመች ነው። ስለዚህ ትምህርቱ የሚያልቀው ሲያልቅ ሳይሆን ሾፌሩ ሲነሳ ነበር።

ተማሪዎቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ ከስድሳ በታች የሆነ የለም። ካሜራውን እንደ ጽዋ በሁለት እጃቸው ይይዙታል። ሲያነሱ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ፤ የሚነሣውንም «አትተንፍስ» ይሉታል። እማማ የሺመቤት ካነሷቸው ፎቶዎች ከግማሽ በላዩ የራሳቸው አውራ ጣት ነበር። ሪሃብ ጣታቸውን ከካሜራው ዐይን ላይ አንስተው እንዲይዙ ሦስት ጊዜ ነገረቻቸው። በአራተኛው «ታዲያ ምን ላርገው፣ ልቁረጠው?» አሏት፤ ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ሰዓቷን አየች።

አያ ጋረደው ብቻ ለጨዋታ አልመጡም። የሰባ አንድ ዓመት ሰው ናቸው፤ በድርቁ ጊዜ ከአርማጭሆ በእግራቸው ወጥተው ካምፑ ውስጥ ሃያ አምስት ዓመት የኖሩ። ሚስታቸው ሸዋረጋ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው። የተቀበረችው ከካምፑ በስተምሥራቅ፣ የካምፑ ሰው ሙታኑን ሲያኖርበት ከኖረው መሬት ላይ ነው። መቃብሮቹ የድንጋይ ክምር ናቸው፤ ጽሑፍ የላቸውም። ከመቃብሩ ቀጥሎ የሙዘይን እርሻ ነው። ሙዘይን ሰሊጥና ዱራ የሚሉትን ማሽላ የሚዘራ የገዳሪፍ ባለሀብት ሲሆን ትራክተሩ በየክረምቱ ጥቂት ትልም ወደ መቃብሩ ጠጋ ይላል። አያ ጋረደው ባለፈው ዓመት የመሬት ቢሮ ሄደው ከሰው ነበር። የካምፕ ሰው ለካምፕ ሰው ቢመሰክር አንቀበልም፣ ሌላ ማስረጃ አምጣ ብለው መለሷቸው።

ይህን ሁሉ ለሪሃብ የነገሯት በመጀመሪያው ቀን ነው፤ እሷም ግማሹን ሰምታዋለች። ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት ጠየቋት።

«ይሄ ዕቃ ያነሣበትን ቀን ይናገራል?»

«ይናገራል። ከጥጉ ላይ ይጽፈዋል።»

«ሹም ፊት ቢቆም ይታመናል?»

«ከኔና ከአንቱ የበለጠ ይታመናል፣ አያ» አለችና ወደሚቀጥለው ነገር አለፈች።

የሚቀጥለው ነገር ቀን መሙላት ነበር። ካሜራዎቹ አዲስ ስለሆኑ ሲበሩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ቀን ነው። መኪናው ሊነፋ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። «የዛሬን ቀን አስገቡ፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሦስት ቁጥር ነው» አለችና የእማማ የሺመቤትን ካሜራ ከተጠላለፈበት ማንጠልጠያ ለማላቀቅ ጎንበስ አለች። አያ ጋረደው ከሁሉም ቀድመው ጨረሱ። ከመሠረተ ትምህርት ያተረፉት ቁጥር ብቻ መሆኑን፣ እሱንም ዛሬ ገና ሥራ እንዳገኙለት ተናገሩ። ሌሎቹ አንገታቸውን እያሰገጉ ከእሳቸው ገለበጡ። አያ ጋረደው ካሜራውን ዘረጉላት።

«እስቲ እይው፣ ልጄ።»

«ጎበዝ፤ እሺ የሚለውን ይጫኑ» አለች ቀና ሳትል።

በአራተኛው ሳምንት ለአያ ጋረደው የቀኑ ቁጥር በፎቶው ጥግ እንዲታይ አደረገችላቸው፤ የፈለጉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሰኔ ሃያ ቀን፣ ዝናቡ አንድ ሁለት ጊዜ እንደጣለ፣ አያ ጋረደው መቃብሩን ከዳር እስከ ዳር ዞረው አሥራ ዘጠኝ ፎቶ አነሱ። ከኋላ የማይንቀሳቀስ ነገር አስገቡ፣ ቦታው እንዲታወቅ፣ ብላ ያስተማረቻቸውን አልረሱም፤ በሁሉም ላይ የካምፑ የውሃ ታንከር ቆሟል። የሸዋረጋን መቃብር ለብቻው ሦስት ጊዜ አንስተዋል። ሪሃብ በትንሿ ስክሪን ላይ አገላብጣ አየቻቸው። በሌላው እጇ ስልክ ይዛ ለካርቱሙ ሥራ ከምትጽፍላት ጓደኛዋ ጋር እያወራች ነበር። ጥርት ማለታቸውን አየች። ከጥጉ ላይ ቢጫ ቁጥር መኖሩንም አየች፤ አላነበበችውም።

በአራተኛው ቀን ሁለት ትራክተር መጣና መቃብሩን በአንድ ከሰዓት በኋላ ገለበጠው። ድንጋዮቹን ከዳር አከማቹዋቸው።

የካምፑ ሰው ጮኸ፤ ፖሊስ መጥቶ በተነው። አያ ጋረደው ከጩኸቱ አልነበሩበትም። ሚሞሪዋን ከካሜራው አውጥተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ የሪሃብን መምጫ ጠበቁ። ሐሳባቸው ያለቀለት ነበር። ፎቶው መቃብሩ በዚያ ሳምንት እንደነበረ ይመሰክራል፤ ቢሮው ዘሩ ሳይወድቅ ያግዳል፤ እነሱም ከፎቶው ላይ እየቆጠሩ እያንዳንዱን ድንጋይ ከየባለቤቱ ራስጌ ይመልሳሉ። ሪሃብም ከጠበቀችው በላይ ደስ አላት። ማስተማሯ አንድ ነገር ሊሠራ ነው። ፎቶዎቹን ገዳሪፍ በራሷ ገንዘብ አሳተመች፤ በአስተርጓሚነት አብራቸው ልትቀርብ ተስማማች።

የመሬት ሹሙ ወፍራም፣ የደከመው ሰው ነበር። ሙዘይን ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ አያ ጋረደውን እንደ አጎት «ያ አሚ» ብሎ ከወንበሩ ተነሥቶላቸው ጨበጣቸው። ሹሙ ፎቶዎቹን አየና ፊቱ ተለወጠ፤ ሪሃብ ይህን በደንብ አስተውላለች። «ይሄማ መቃብር ነው» አለ። ከዚያ ለሙዘይን አቀበለው።

ሙዘይን አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል ገለበጣቸው።

«ወላሂ ሽማግሌው አልዋሹም» አለ በዐረብኛ። «መቃብር ነበረ። ግን መቼ? ራሳቸው ጽፈውታል፤ ሁለት ሺህ ሁለት፣ ወር አሥር። እኔ መሬቱን የተረከብኩት በሁለት ሺህ ስድስት ነው፤ ሜዳ ሆኖ። ይኸው ውሉ።»

ሪሃብ ፎቶውን ቀማችው ማለት ይቻላል። 20/10/2002። አሥረኛው ወር ሰኔ ነው። ቀኑ ልክ ነው፣ ወሩ ልክ ነው፣ ዓመቱም ልክ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው ካላንደር ሁለት ሺህ አስር ይላል።

አስረዳች። ኢትዮጵያውያን የራሳቸው አቆጣጠር እንዳላቸው፣ በሰባትና በስምንት ዓመት ወደኋላ እንደሚቆጥሩ፣ ወሩም እንደማይገጥም በፍጥነት ተናገረች፤ ስትፈጥን ድምፅዋ ቀጠነ። ሹሙ እስክትጨርስ ጠበቃት።

«ካሜራው ኢትዮጵያዊ ነው፣ ያ ኡስታዛ፣ መምህርት?»

«አይደለም። ቀኑን የሞሉት እሳቸው ናቸው።»

«እንግዲያው ሰው የፈለገውን ቀን ሊሞላበት ይችላል።» ፎቶዎቹን ሰብስቦ ጫፋቸውን ከጠረጴዛው ጋር አስተካከለ። «ቁጥሩን ካመንኩት የሙዘይን ምስክር ነው። ካላመንኩት ደግሞ የማንም ምስክር አይደለም።»

ሪሃብ አንድ ነገር ታያት። በእነሱ በአሥረኛው ወር ዱራው ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ፎቶው ላይ ግን መሬቱ ገና ዝናብ የጠጣ ባዶ አፈር ነው፤ አስተውለው ይዩ አለችው። ሹሙ አየ።

«መቃብር ላይ ዱራ የሚዘራ የለማ» አለ።

ሙዘይን እንኳ አልሳቀም።

አያ ጋረደው ከገበያ ዐረብኛ በላይ አያውቁም። በረንዳው ላይ ሲወጡ ነው «ምን አለ?» ያሉት። ሪሃብ መልስ አዘጋጅታ ነበር።

«ካሜራው ቀኑን አበላሽቶታል አሉ።»

«ካሜራው ምንም አላበላሸም። በጄ የሞላሁት እኔ ነኝ።» ፎቶውን አወጡና አሳዩዋት። «ሰኔ ሃያ። ሚካኤል በዋለ በስምንተኛው ቀን። ምኑ ነው የተበላሸው?»

እሳቸው ፎቶውን አዩት፤ ከዚያ እሷን አዩዋት፤ ከዚያ እንደገና ፎቶውን። ጣታቸው ላይ መቁጠር ሲጀምሩ እንዲያቆሙ ልትነግራቸው ፈለገች። ስምንት ላይ ቆሙ።

«የነሱን ነበር የፈለግሽው» አሉ።

«አንቱ እኮ የነሱን ያውቃሉ፣ አያ። የራሽን ካርዱ በነሱ ነው የሚጻፈው።» ነገሩ ከአፏ ሲወጣ ስድብ መሰለ።

«አውቃለሁ። ቢሮ ሲጠይቀኝ የቢሮውን እናገራለሁ።» ፎቶውን ከደረት ኪሳቸው ከተቱ። «አንቺ ግን በአማርኛ ጠየቅሽን፤ የያዕቁብ ልጅ ነሽ ብዬ በአማርኛ መለስኩልሽ።»

ካሜራውን ዘርግተውላት እንደነበር ያነሳሉ ብላ ጠበቀች። እስከ መናኸሪያው ድረስ ጠበቀች። አላነሱትም፤ ቢያነሱት ኖሮ የምትመልሰው ነገር አዘጋጅታ ነበር።

ሰሊጡ በዚያው ሳምንት ተዘራ።

ኤግዚቢሽኑ የተከፈተው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ገዳሪፍ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ነው። ከካርቱም የመጡት የድርጅቱ ሰዎች ከሁሉም የወደዱት የሸዋረጋን መቃብር ነበር። አሳድገው፣ በፍሬም አድርገው ከመግቢያው ፊት ሰቀሉት። ጥጉ ላይ ያለው ቢጫ ቁጥር ሥዕሉን ያበላሻል ብለው ቆርጠው ጥለውታል። ሲሰቅሉት መሰላሉን የያዘችው ሪሃብ ነበረች። ከንግግር አድራጊዎቹ አንዱ እጇን ጨብጦ፣ በሁለት ወር ከእጃቸው እንዲህ ያለ ነገር ማውጣት ተአምር ነው አላት። እሷም አመሰገነችው።

አያ ጋረደው አልመጡም። ካሜራቸውን በእማማ የሺመቤት እጅ ልከውታል፤ ተወልውሎ፣ ከቦርሳው ገብቶ፣ የቻርጀሩ ገመድ በጨርቅ ቅዳጅ ታስሮ።

«ምን አሉ?» ብላ ጠየቀች።

«ምን ይላል? ለባለቤቱ ስጪልኝ አለ» አሉ እማማ የሺመቤት። ከዚያ ከፍሬሙ ፊት ቆመው ብዙ አዩ። የእሳቸውም ሁለት ልጆች እዚያ ተቀብረው እንደነበር ሪሃብ ያወቀችው ያኔ ነው።

ሰዉ ሲወጣ ካሜራውን አበራችው። ውስጡ አንድ ፎቶ ብቻ ነበር። ሰሊጥ፣ ነጭ አበባ ያወጣ፣ እስከ ዳር ድረስ፤ ከኋላ የውሃ ታንከሩ። አያ ጋረደው ቀኑን አልቀየሩትም። 25/12/2002 ይላል፤ ነሐሴ ሃያ አምስት።

ሰኞ ሁለተኛው ምድብ ይጀምራል። ሪሃብ አሥራ ሁለቱንም ካሜራዎች ጠረጴዛ ላይ ደርድራ፣ ያለውን ፎቶ አጥፍታ፣ የእያንዳንዱን ቀን ከፍታ ራሷ ሞላች፤ ሁለት ሺህ አስር፣ ሁለት ሺህ አስር። ስትጨርስ እንደ ልማዷ ሰዓቷን አየች። አሥራ ሁለቱም የፈጁባት ዘጠኝ ደቂቃ ነው።