ጀርባ ተሰጥቶት የተመረጠ ከበሮ

ድመቷ ከበሮውን የቀደደችው ማክሰኞ ነበር፤ የሶፋ ሠሪው አንጀት የተቀደደው ግን ረቡዕ ነው።

ማክሰኞ የሆነው ቀላል ነገር ነው። የጸሎት ቤቱ ከበሮ ቆዳው ደርቆ ስለነበር ሶፋ ሠሪው ወደ ቤቱ ወስዶ ሞራ ቀባው፤ ቆዳው እስኪጠጣውም በረንዳ ላይ አሳደረው። በኩሩ አረማመዷ የተነሳ «ወይዘሮ» የሚሏት የቤቱ ድመት የሞራው ሽታ ሲደርሳት ጥፍሯንም ጥርሷንም አልሰሰተችም። ጠዋት ሲነሱ የከበሮው ትልቁ አፍ ተቦጫጭቋል። «ዘበኛ» የሚባለው ውሻ እዚያው አጠገቡ ተጋድሞ ነበር፤ ዘበኛ እንኳን ለድመት፣ ለሌባም ቢሆን ቀስቅሰው ካልነገሩት አይነሳም። የከበሮው እንጨት ቀድሞውንም ተሰንጥቆ ስለነበር «በቃ፣ ዕድሜውን ጨርሷል፣ አዲስ ይምጣ» ተባለ። የተቆጣ ሰው አልነበረም።

ረቡዕ ግን መዘምራኑ ለልምምድ ተሰብስበው ሳለ ጥድፊያ ብድግ አለ።

ጥድፊያ የሶፋ ሠሪው ሚስት ታናሽ ወንድም ነው። ስሙ የወጣለት በሰባት ወሩ በመወለዱ ነው፤ ከዚያ ወዲህም ቀስ ብሎ ያደረገው ነገር የለም። ቆሞ ይበላል፣ እየሄደ ይለብሳል፣ ከበሮ ሲመታም ዘማሪውን ጥሎት ይሄዳል። ሶፋ ሠሪው ሃያ ዓመት የመታውን ከበሮ ጥድፊያ የያዘው አምና ነው። ሶፋ ሠሪው ጣቱን ወፍራም የሶፋ መርፌ ወግቶት እጁ ባበጠ ጊዜ «እስኪሻልህ ሁለት ሳምንት ልያዝልህ ጋሼ» ብሎ ተቀበለው። እጁ በሁለት ሳምንት ዳነ። ከበሮው ግን ይኸው አሥራ አንድ ወሩ፣ አልተመለሰም። የመዘምራኑ መሪም «ልጅ ነው፣ ይለማመድበት» አለች፤ ሶፋ ሠሪው ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው።

«እኔ እኮ ድመቷን አልወቅስም» አለ ጥድፊያ ረቡዕ ዕለት፣ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ጌታዋ ያዘዛትን ነው የፈጸመችው። አሁን እንግዲህ ጋሼ ለወይዘሮ ይምታላት። እሷ እንደሆነች ቀኑን ሙሉ ተኝታ ነው የምትውለው፣ በእሱ አመታት እንቅልፍ ቢወስዳት ማንም አያውቅባትም!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁን ይችለው ነበር፤ ሰው መሳቅ ይወዳል። ያልቻለው፣ ከሴቶቹ ረድፍ ጫፍ የገዛ ልጁ፣ ሚጣ፣ አፏን በእጇ ይዛ ስትንፈቀፈቅ ማየቱን ነው።

እሑድ የሦስት ጸሎት ቤቶች መዘምራን በአንድ አዳራሽ የሚገናኙበት ቀን ነበር። ስለዚህ አዲሱ ከበሮ ቅዳሜ ተመርጦ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ልምምድ ተደርጎበት፣ እሑድ መመታት አለበት። እናም መሪዋ፣ ከዚያ ሁሉ ሳቅ በኋላ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ «የሚመርጠው ያው ጋሼ ነው፤ እንደሱ ጆሮ ያለው ከወዴት ይመጣል?» አለች። ሶፋ ሠሪው «እሺ» አለ። ያን «እሺ» ሲል በልቡ ሌላ ነገር ቋጥሮ ነበር።

ቅዳሜ በማለዳ ተነስቶ ጸለየ። ሰውን ይቅር ስለማለት የሚናገረው ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ውሃ የቋጠረ ጉድጓድ እንደሚዘል ሰው እግሩን አንስቶ ተሻገረው። ከዚያ ለወይዘሮ ወተት ቀዳላት። ለዘበኛ የዳቦ ቅርፊት ጣለለት። ሻዩን ይዞ ተቀመጠ።

«ዛሬ ደግሞ ከወንድሜ ጋር እንዳትነካከሱ» አለች ሚስቱ፣ ዳቦ እየቆረሰች።

«እኔ? እኔ ምን አፍ አለኝና?»

«አፍህንማ አልፈራውም። የምፈራው እንዲህ ዝም ስትል ነው።»

ሚጣ ጫማዋን እያሠረች ቀና አለች። «አባዬ፣ እኔም ልምጣ? ከበሮ ሲመረጥ አይቼ አላውቅም።»

«አንቺ እዚሁ ድመቷን ጠብቂ። እሷ እንደሆነች የምታስቅ ናት።»

ልጅቷ ክሯን ጨብጣ ቀረች። «ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው አባዬ» አለች ቀስ ብላ። «አንተ ገና ረቡዕ ላይ ነህ እንዴ?»

ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ።

ዕቅዱ ይህ ነበር። ሐሙስ ዕለት በከበሮ ሠሪዋ ግቢ በኩል ሲያልፍ አጥሩ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ አንድ ቀይ፣ መልከ መልካም ከበሮ አይቷል። ቆዳው የሆድ ቆዳ ነው። ሶፋ ሠሪው ሠላሳ ዓመት ቆዳ ወጥሯል፤ የጀርባና የሆድ ቆዳ ዓይኑን ጨፍኖ ይለያል። የጀርባ ቆዳ ጨካኝ ነው፣ እንደወጠሩት ይኖራል። የሆድ ቆዳ ግን ፀሐይ ላይ ሲመታ ያገሳል፤ ሰው በሞላበት፣ ትንፋሽ በታፈነበት አዳራሽ ሲገባ ይለሰልስና በሦስተኛው መዝሙር ላይ እንደራሰ ካርቶን ይሆናል። ጥድፊያ በሦስት ጸሎት ቤት ሕዝብ ፊት እንደራሰ ካርቶን የላላ ከበሮ ሲደበድብ ታየው። ሁለት ሌሊት ይህንን እያየ ነው የተኛው፤ ደግሞም በደንብ ነው የተኛው።

ጥድፊያ ግቢው በር ላይ ቀድሞት ቆሞ ነበር። «ጋሼ፣ ቶሎ በል እንጂ! ከበሮዎቹ አረጁ እኮ!»

ከበሮ ሠሪዋ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሥራውን የያዙ አሮጊት ናቸው። እጃቸው እንደ ጠፍር የጠነከረ፣ ንግግራቸው የተቆጠበ። በእሳቸው ግቢ ከበሮ የሚመረጠው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ መራጩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዱካ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላ ሰው ከኋላው እያነሳ ይመታል። «ዓይን ከገባበት ቀለም ገዝታችሁ ነው የምትሄዱት» ይሉ ነበር ባላቸው፣ እሳቸውም አልለወጡትም። የወደደው ሲመጣ መራጩ እጁን ያነሳል።

ሶፋ ሠሪው ዱካው ላይ ተቀመጠ። ከፊቱ የጭቃ ግድግዳ፣ ከኋላው የሚስቱ ወንድም።

ጥድፊያ የመጀመሪያውን መታ። ሁለተኛውን መታ። ሦስተኛውን ገና ሲነካው ሶፋ ሠሪው አወቀው፤ ቀዩ ነው። ጭኑ ላይ ያለው እጁ ለአፍታ ከበደው። ይህን ጆሮ ማን እንደሰጠው ያውቃል፤ በጆሮው ዋሽቶም አያውቅም። ከዚያ ሚጣ አፏን ይዛ ስትንፈቀፈቅ ታየችው። እጁን አነሳ።

«ይኼ ነው» አለ።

«አላልኩም!» ጥድፊያ ዘለለ። «ከሩቅ ሳየው ነው ልቤ የወደደው! ሰማህ ጋሼ? ሰማይ ያናጋል እኮ!»

«አንተ ልጅ» አሉ ከበሮ ሠሪዋ፣ «ከጓዳ መጠቅለያ ጆንያ አምጣልኝ። ከታች ያለውን፣ ከላይ ያለውን አይደለም።»

ጥድፊያ እየሮጠ ገባ። አሮጊቷ ከሶፋ ሠሪው ጀርባ መጥተው ቆሙ።

«ዞር አትበል። እዚያው ግድግዳውን እያየህ ስማኝ። የሆድ ቆዳ መሆኑን ሳትሰማው ቀርተህ ነው?»

የግድግዳውን ጭቃ በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገ።

«ምን አደረገህ ልጁ?»

«ምንም።»

«ለምንም እንዲህ አይደረግም» አሉ አሮጊቷ። «ይኼ ሜዳ ላይ ለሚመቱ ነው ያስቀመጥኩት። ቤት ከገባ ይሞታል፣ አንተም ታውቃለህ። በቀልህን በምላስህ ተወጣ፣ ካስፈለገህም በጡጫህ። በእኔ እጅ ሥራ ግን አትወጣውም ልጄ። ጠፍሩ ላይ የባሌ ቋጠሮ አለበት።»

ሶፋ ሠሪው እስከ ጆሮው ግንድ ድረስ ጋለ። መሬት ብትውጠው ደስ ባለው። ጥድፊያ ጆንያውን ተሸክሞ ሲመለስ፣ «ቅድም ችኮላ ነበር» አለው። «ቀጥል። የቀሩትንም ልስማ።»

«እንዴ! ይኼ ነው አላልክም?»

«ቀጥል አልኩህ።»

ጥድፊያ እያጉረመረመ ቀጠለ። አራተኛው፣ አምስተኛው። ስድስተኛውን ሲያነሳ «ይኼማ ጉድ ነው፣ ድንች ይመስላል» አለና በንቀት ሦስት ጊዜ መታው።

ሶፋ ሠሪው ቀና አለ።

ድምፁ አጭር፣ ደረቅና ጥርት ያለ ነበር። ጭራ የለውም፤ የተመታውን ብቻ ተናግሮ ዝም ይላል። ስለዚህ ነው ሁለተኛው ምት በፀጉር ስፋት ያህል ቀድሞ መምጣቱ የተሰማው። ሦስተኛው ደግሞ ከሁለተኛው ባሰ። ሌሎቹ ከበሮዎች ላይ የአንዱ ምት ጉምጉምታ ተከታዩን ይሸፍነዋል፤ የድሮው ስንጥቅ ከበሮማ የጥድፊያን ጉድ አሥራ አንድ ወር ሙሉ እንደ ጋቢ ሸፍኖለት ነው የኖረው። ይኼኛው ግን የማንንም ገመና አይሸፍንም። ጎበዝ ከመታው ጎበዝነቱን፣ ቀዥቃዣ ከመታው ቀዥቃዣነቱን ያወጣል።

ሶፋ ሠሪው ለጭቃው ግድግዳ ፈገግ አለ። ፈገግታውን ከግድግዳው በቀር ያየ አልነበረም። እጁን አነሳ።

«አሁን ጆሮህ ተመለሰ» አሉ አሮጊቷ። «ከግቢዬ ካለው ሁሉ ንጉሡ እሱ ነው።»

እውነት ነው። ሐሰት የሌለበት መሆኑ ነበር የበለጠ የጣመው።

በመንገድ ላይ ጥድፊያ ከበሮውን ተሸክሞ ሁለት እርምጃ ቀድሞት ሲሄድ ቆየና ዞር አለ። «ጋሼ፣ ድምፁ አላጠረብህም?»

«ላንተ ብዬ ነው የመረጥኩት።»

ጥድፊያ ቆመ፤ ፊቱ በራ። «እግዜር ያክብርልኝ። የረቡዑ እኮ ቀልድ ነው። አልተቀየምከኝም አይደል?»

«የምን ቅያሜ!» አለ ሶፋ ሠሪው።

በዘጠኝ ሰዓት ልምምዱ ተጀመረ። ሶፋ ሠሪው የኋለኛው አግዳሚ ላይ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሚጣ ከረድፏ ጫፍ ቆማለች። የመጀመሪያው መዝሙር ሩብ ሳይሄድ መሪዋ እጇን አጨበጨበች።

«ማነው የሚሮጠው?»

ዘማሪዎቹ ተያዩ። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና አስቆመች። በሦስተኛው ወረቀቷን አስቀምጣ ወደ ከበሮው ዞረች።

«ጥድፊያ፣ አንተ ነህ እኮ!»

«ከበሮው ነው እትዬ! ድምፁ ይቆረጣል፣ አላስያዝ አለኝ!»

«ከበሮው ምን አደረገህ? የሰጠኸውን ነው የሚመልስልህ።»

«እንዴ፣ ለካ ይኼን ሁሉ ወር ስንሮጥ ነው የኖርነው!» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ ከወንዶቹ በኩል።

«እኔማ» አለች ከፊት ያለች ወፍራም ሴትዮ፣ ደረቷን ይዛ፣ «መዝሙር በዘመርን ቁጥር ትንፋሼ ሲቆራረጥ አስም መስሎኝ ሐኪም ቤት ተመላልሼ መርፌ ተወግቻለሁ! ጥድፊያ፣ ናና የተወጋሁበትን ቦታ ይቅርታ ጠይቅ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጥድፊያ ላብ በላብ ሆኖ እንደገና ሊመታ ሞከረ፤ ባፈረ ቁጥር ይፈጥናል፣ በፈጠነ ቁጥር ከበሮው ያሳብቅበታል። በመጨረሻ እጁ ቆዳው ላይ ቀረ።

የሶፋ ሠሪው አንጀት ቅቤ ጠጣ። ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ትንፋሹ እስከ ሆዱ ድረስ ገባ። ይህን ደስታ ሊያካፍላት ልጁን በዓይኑ ፈለጋት። ሚጣ አልሳቀችም። አጎቷንም አላየችም። እሱን ነው የምታየው፤ እያየችው የቆየች ትመስላለች።

«ጋሼ፣ እስቲ ና አንተ ያዘው» አለችው መሪዋ።

ተነሳ። አዳራሹ አጭር ነው፣ እሱ ግን አስረዘመው፤ እያንዳንዱን እርምጃ ጥድፊያ እንዲቆጥርለት ፈልጓል። ጥድፊያ ማንጠልጠያውን ሳያየው አቀበለውና ወጣ። ሶፋ ሠሪው መታ። ከበሮው የተሰጠውን መለሰ። ዘማሪዎቹ እንደ ልባቸው ተነፈሱ፣ መዝሙሩ መሬት ያዘ። ሲያልቅ መሪዋ «ነገ አንተ ነህ» አለች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሚጣ አጠገቡ ትራመድ ነበር።

«ጥሩ ከበሮ ነው የመረጥከው አባዬ።»

«ጥሩ ነው።»

«ለጸሎት ቤቱ ነው የመረጥከው ወይስ ለአጎቴ?»

መዋሸት ይችል ነበር። በዚያ ቀን ግን አንድ ጊዜ በጆሮው ዋሽቶ አሮጊቷ አዋርደውታል። «ለአጎትሽ» አለ።

«ረቡዕ የሳቅኩት ስላሳቀኝ ነው» አለች። «ድመቷ ስትሰማ ታይታኝ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ካንተ ፊት መሳቅ አልነበረብኝም። ግን አጎቴ ዛሬ ውጭ ግድግዳ ተደግፎ ሲያለቅስ አየሁት።»

«በጣም?»

«አባዬ!»

«ጠየቅኩ እንጂ ምን አልኩ?»

ቤታቸው ሲደርሱ ጥድፊያ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። እጁን ጭኑ ላይ አጣጥፎ፣ ሳይነቃነቅ። ሶፋ ሠሪው ይህን ሰው አንድ ቦታ ተቀምጦ ሰው ሲጠብቅ ሲያየው የመጀመሪያው ነው። ሚጣ በአጠገቡ አልፋ ገባች። ከውስጥ የሚስቱ ድምፅ «መጣ?» ሲል ተሰማ፤ የደስታ ድምፅ አልነበረም።

«ጋሼ» አለ ጥድፊያ፣ መሬት መሬት እያየ። «እንደፈጠንኩ አላውቅም ነበር። እውነቴን ነው፣ አይሰማኝም። ካልነገርከኝ ማን ይነግረኛል? አሳየኝ።»

ሶፋ ሠሪው አየው። ሦስት ሌሊት የተመኘው ፊት ይኸው ከእግሩ ሥር ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል። ምን ማለት እንዳለበት ያውቃል። ጠዋት የተሻገረውን የይቅርታ ቃል ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ ያውቀዋል፤ ወደ ጉሮሮው ድረስ መጣ፣ እዚያ ቆመ። ከሥሩ ደግሞ የዛሬው ጣዕም አለ፤ ገና ትኩስ ነው። ሊተፋው አልፈለገም።

«አሳይሃለሁ» አለ። «ዛሬ ግን አይሆንም።»

«ለምን?»

«ገና አልበረደልኝም።»

ጥድፊያ ራሱን ነቀነቀ። ለመሄድ አልተነሳም። ሶፋ ሠሪው አልፎት ወደ ውስጥ ገባ። በሩን አልዘጋበትም፤ ግባም አላለውም።