ከታፔላው ሥር

ጠዋት ሐይቁ አይታይም። ጉም ብቻ ነው። የዓሣ አጥማጁ የአበራ ታንኳ ከጉሙ ሲወጣ ውሃ የነካ አይመስልም፤ አየር ላይ ተንሳፍፎ ይመጣል። ዓሣዎቹን ሲያቀብለኝ ይስቃል።

«ሱንዱስ፣ ዛሬም ልትቀብሪያቸው ነው?»

«ዝም ብለህ አምጣ» አልሁት።

እውነቱን ነው። የነቢያት ጾም ነው፤ ባሕር ዳር ሰዉ ሁሉ ዓሣ ይፈልጋል። ዳርቻው ላይ ያሉት ዓሣ ቤቶች ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መቀመጫ አይገኝባቸውም። የኔ ባዶ ነው። ቆሮሶ ዓሣው ይጠበሳል፣ ይቀዘቅዛል፣ እኔና ድመቶቹ እንበላዋለን።

ቤቱ የወንድሜ የካሊድ ነው። «እስከ ገና ልታገስሽ» አለኝ። «ካልሆነ የሞባይል ሱቅ አደርገዋለሁ።»

እኔ መታገስ አልወድም። ሻይ እንኳ ሳይበርድ ነው የምጠጣው። ግን ከዚች ቤት ሌላ ምንም አልፈልግም። በሕልሜ ሳይቀር አያታለሁ። ጠረጴዛዎቹ ውሃው ላይ ቆመዋል፣ ሰዎቹ እግራቸውን ሐይቁ ውስጥ ነክረው ይበላሉ፣ ማንም አይቸኩልም። እኔም። ስነቃ ዘይት አግላለሁ።

ጎረቤቴ ወለላ ሻይ ትሸጣለች። ቀኑን ሙሉ ስናወራ እንውላለን፤ ዓሣዬን ግን ቀምሳ አታውቅም። አንድ ቀን አላስቻለኝም።

«ለምንድን ነው የማትበይልኝ?»

ብርጭቆ ማጠቧን አላቆመችም። «ተይኝ ሱንዱሴ።»

«አልተውሽም። ይሸታል?»

«ኧረ ማርያምን! ሽታውማ ጾሜን ሊያስፈታኝ ነው።» በአገጯ ወደ ላይ አሳየችኝ። «ያንን አንብቢው።»

ታፔላዬ ነው። አረንጓዴ፣ ጨረቃና ኮከብ ያለው። «ሱንዱስ ሀላል ዓሣ ቤት»። ወረታ ያለው የአባቴ ሥጋ ቤት ላይ እንደዚያ ስለተጻፈ እኔም ቸኩዬ አጻፍሁት።

«የእስላም ሥጋ አልበላም፤ ታውቂያለሽ» አለች።

«ዓሣ ማን ያርዳል ወለላ?»

ብርጭቆውን አስቀመጠች። ከዚያ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ።

«ቢላውስ? ድስቱስ?» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «እውስጥ ምን እንዳለ እኔ ምን አውቃለሁ? ሰዉም እንደኔው ነው።»

ወንበር ጎትቼ ታፔላውን ልነቅለው ወጣሁ።

«ውረጂ!» ብላ ጮኸች። «አሁን ብትነቅይው ደበቀችው ነው የሚሉሽ። እሱም ይታይ፣ ሥራሽም ይታይ።»

ወረድሁ። መውረዱ ከመውጣቱ ከበደኝ።

በማግሥቱ ሁሉንም ወደ ውጭ አወጣሁት። ሳፋውን፣ ጣውላውን፣ ምድጃውን፣ መጥበሻውን። ቢላውንም ወለላ እያየች አዲስ ገዛሁ። አበራ ዓሣዎቹን በሕይወታቸው ሳፋው ውስጥ ይለቃቸዋል። እኔ ሰው ፊት ቅርፊታቸውን እፍቃለሁ፣ አጥባለሁ፣ እጠብሳለሁ። ሰው ቆሞ ያያል፤ ያልፋል። በማግሥቱም ያልፋል። ጉሙ ይመጣል፣ ይሄዳል። ትልልቆቹ ነጫጭ ወፎች ውሃው ላይ እንደ ተረሳ ልብስ ይዋልላሉ። ቀኑ ካለፈው ቀን አይለይም። እጄ ይሠራል፤ እኔ ውሃው ላይ ነኝ።

አንድ ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ወለላ በርጩማዋን ይዛ መጣች። ውስጥ አልገባችም። መንገዱ ዳር፣ ሰው ሁሉ በሚያያት ቦታ ተቀመጠች። ነጠላዋን አስተካክላ አማተበች።

«ትልቁን» አለች። «ዳጣውን አብዢው።»

ቀስ ብላ በላች፤ እሾሁን አንድ በአንድ እየለቀመች። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶች ቆሙ።

«ወለላ! እዚህ?» አለቻት አንዷ።

«ዓሣ ነው» አለች አፏ እንደሞላ። «ማን እንዳረደው ሐይቁን ጠይቂው።»

ሌሎቹ ሳቁ። ሴትዮዋ አልሳቀችም፤ ሳፋውን ጎንበስ ብላ አይታ ሄደች። በማግሥቱ ባሏን ይዛ መጣች።

ገና ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ካሊድ መደርደሪያ ሊለካ ሜትሩን ይዞ መጣ። በሩ ላይ አንድ የጢስ ዓባይ ሚኒባስ ሹፌር ክንዱን ያዘው።

«ወንድም፣ ወረፋ አለ እኮ!»

ካሊድ አየኝ። እኔ መጥበሻዬን አየሁ። ጀምበሯ እየጠለቀች ነው፤ ብርሃኑ ከሐይቁ ተነሥቶ እስከ ጠረጴዛዎቹ እግር ደርሷል። ሰዎቹ ውሃ ላይ የተቀመጡ መሰሉኝ። ተኝቼ ይሆን ብዬ ዘይቱን ሰማሁት። ይንጫጫል።

ካሊድ ሜትሩን ዘረጋ። ከታፔላው እንጨት መንገዱ ዳር እስካለው ዋርካ ለካ።

«እዚህ አግዳሚ ወንበር ይገባል» አለ። ከዚያ ወደ ምድጃው ተጠጋ። «የኔ ዓሣስ?»

«ቁጭ በልና ጠብቅ» አልሁት።