ከቤት የማይወጣው ፕሮሰሰር

ናና ቢራጎ አርባ ዓመት ሙሉ ኩማሲ ከተማ በከጀቲያ ገበያ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሴት ናቸውና ሻጭ ሲዋሽ ከአፉ ይልቅ ጆሮው እንደሚያሳብቅበት ያውቃሉ። ስለዚህ አዱም ሰፈር ባለው የቤዲያኮ ኮምፒውተር መሸጫ ውስጥ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ በሁለት እጃቸው ጨብጠው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ሲቀመጡ፣ ዓይናቸውን የተከሉት ዕቃው ላይ ሳይሆን የቤዲያኮ ጆሮ ላይ ነበር።

«ሁለት ዓይነት አለኝ» አለ ቤዲያኮ፣ ሁለት ትናንሽ ካርቶኖች መስታወቱ ላይ እያስቀመጠ። «ይሄ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ነው። ይሄኛው ደግሞ የወርክስቴሽን።»

ናና አንገታቸውን አስግገው አዩ። «ሁለቱም ብስኩት አያክሉም! ዱፊየ፣ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ያሳጣሽን ለዚህ ነው?»

ዱፊየ የልጃቸው ልጅ ናት፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ሥራዋ የቀብር ፊልም ነው። ዱሮ ለቀስተኛውን ቀርጾ መስጠት ይበቃ ነበር። አሁን ግን ቤተሰቡ ሟቹ ሊሠራው አስቦ ያልሠራውን ፎቅ፣ ከነበረንዳው፣ ከነመኪና ማቆሚያው በፊልሙ ውስጥ ተሠርቶ ካላየ ሬሳው የተከበረ አይመስለውም። እንዲህ ያለውን ምስል የዱፊየ አሮጌ ላፕቶፕ አስልቶ ለመጨረስ ሦስት ቀን ይፈጅበታል። ሟች ደግሞ ቀብሩ ቅዳሜ ከተባለ ቅዳሜ ነው፤ ለላፕቶፕ ብሎ የሚቆይ የለም።

ይህም ባልከፋ ነበር። የከፋው፣ አንድ የአክራ ፊልም ድርጅት ሥራዋን አይቶ «ማሽን ሞልቶናል፣ ነይና እኛ ዘንድ ሥሪ» ማለቱ ነው።

ናና ዘንድ አክራ ተብሎ ዝም ብሎ አይታለፍም። የዱፊየ እናት የዛሬ ሃያ ዓመት ልጇን እሳቸው ጉያ አስቀምጣ «ለሦስት ወር የስፌት ትምህርት» ብላ ወደ አክራ ሄዳለች። ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ባል አግብታለች፣ ወፍራለች፣ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ትደውላለች። ሦስት ወሩ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም።

«የጎደለሽ ማሽን ከሆነ ማሽኑን እኔ እገዛለሁ» ያሉትም ለዚህ ነው። ሱቃቸውን የሸጡበት ገንዘብ ባንክ ተኝቶ ነበር።

«እንዲህ እናስበው፣ ናና» አለ ቤዲያኮ። «ዴስክቶፑ ስምንት እጅ ያለው ሠራተኛ ነው፤ እጁ ጥቂት ነው፣ ግን እንደ መብረቅ ይፈጥናል። ወርክስቴሽኑ ሠላሳ ሁለት እጅ አለው። እያንዳንዱ እጅ ትንሽ ረጋ ይላል፤ አንድ ላይ ሲነሱ ግን ተራራ ያፈርሳሉ። ሚሞሪው ሲሳሳት ራሱን ያርማል። ሳምንት ቢሠራ አይደክመውም።»

«ሠላሳ ሁለት እጅ ያለው ነገር ምን ይበላል?»

«መብራት ይበላል። ይሞቃልም። ማዘርቦርዱ ለብቻው ነው፣ ሚሞሪው ለብቻው፣ ሳጥኑም ለብቻው። ከሌላ ጋር አይገጥምም።»

«ከነቤተ ዘመዱ ነው የሚመጣው በለኛ።»

«ናና፣ ለእኔ ዴስክቶፑ ይበቃኛል» አለች ዱፊየ። «ቀኑን ሙሉ የምውለው ስቆርጥና ስቀጥል ነው። ለዚያ የሚያስፈልገኝ ፈጣን እጅ እንጂ ብዙ እጅ አይደለም። ዋጋውም ግማሽ ነው። ደግሞ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ስለሚገባ፣ ካስፈለገ ብብቴ ሥር ይዤው አውቶቡስ እሳፈራለሁ።»

የተናገረችው ሁሉ ትክክል ነበር። ያቺ የመጨረሻዋ ብቻ ብትቀር ምን ነበረበት?

«የየት አውቶቡስ?» አሉ ናና።

«የየትም። እንዲያው ለምሳሌ።»

«ለምሳሌ የየት?»

ቤዲያኮ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ናና ወደ እሱ ዞሩ። «ያኛው ስንት ኪሎ ይመዝናል?»

ቤዲያኮ በዚህ ሥራ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። «ፕሮሰሰሩ?»

«ከነቤተ ዘመዱ።»

«ሲገጣጠም... ሠላሳ ኪሎ ያልፋል። አንድ ሰው አይችለውም።»

ጆሮው አልተንቀሳቀሰም። ናና ቦርሳቸውን ይዘው ተነሡ። «እናስብበታለን» አሉ።

ኩማሲ ውስጥ ሙሽራ ከመምጣቷ በፊት ቤተሰቧ ይጠየቃል፤ የእብደት ዘር እንዳለ፣ ኩብለላ እንዳለ፣ በስውር ይጣራል። ለሙሽራ የሚደረገው፣ ከሙሽራ በላይ ለሚያስወጣ ዕቃ የማይደረግበት ምክንያት ለናና አልታያቸውም። ታናሽ ወንድማቸውን ዎፋ አምፖንሴምን ስለ ዴስክቶፑ እንዲጠይቅ ላኩትና ወርክስቴሽኑን ለራሳቸው ያዙ።

ዎፋ የባቡር መሥሪያ ቤት ጡረተኛ ነው፤ ሪፖርት ማቅረብ ያውቅበታል። ከሰዓት በኋላ መጥቶ ባርኔጣውን አወለቀና «አየሁት» አለ። «የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን አላቸው። ፍጥነቱን ሁሉም ያመሰግኑታል። ግን እህቴ፣ ቤት አይገኝም።»

«እንዴት አይገኝም?»

«እሑድ መቅደስ ነው፣ ሰኞ ኦቡዋሲ ሠርግ ላይ፣ ባለፈው ወር ደግሞ ታማሌ ድረስ ሄዶ ነበር። ልጆቹ በፎጣ ጠቅልለው ይዘውት ይዞራሉ።»

«ዘዋሪ ነዋ!»

«ዘዋሪ ነው። ሌላ ነውር አላገኘሁበትም።»

ናና ደግሞ አሆድዎ ሰፈር ወዳለ አንድ አርክቴክት ቤት ሄደው፣ ሚስቱን የተጠበሰ የፕላንቴን ሙዝና ኦቾሎኒ አቅርባ ስታበቃ ያዟት።

«ከቤት ይወጣል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ማን? ባሌ?»

«ማሽኑ።»

«ኧረ ናና! ሦስት ሰው ተሸክሞ ካስገባው አራት ዓመቱ፤ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። እንዲያውም እሱ ከገባ ወዲህ ባሌም ከቤት አይወጣም።»

ናና ኦቾሎኒያቸውን አስቀመጡ። «እስቲ ይህችን የመጨረሻዋን ድገሚልኝ።»

ማታ በራት ላይ፣ የተቀቀለው የያም ሥርና የኮንቶምሬው ቅጠል ወጥ መሐል፣ ጉዳዩ ለውሳኔ ቀረበ።

«በስሙም ቢሆን» አለ ዎፋ፣ «ዴስክቶፕ የጠረጴዛ ላይ ማለት ነው። ጠረጴዛ ላይ ጨውም ይቀመጣል።»

«ዎፋ፣ በስም ነው እንዴ የሚገዛው?» ዱፊየ ሳቀች። «ናና፣ እውነቴን ነው፤ የማልጠቀምበትን እጅ ምን አደርገዋለሁ?»

«ሥራሽ ያድጋል። የትምህርት ቤት ልብስሽን ሁለት ቁጥር አሳልፌ ስገዛልሽ አልነበር?»

«ገዝተሽልኛል። ሰባተኛ ክፍል እስክገባ ጣቶቼን አይቶ የሚያውቅ አስተማሪ የለም።»

«ታዲያ ምን ጎዳሽ? አላደግሽም?»

ዱፊየ መልስ ልትሰጥ ቀና ስትል አያቷ የራሳቸውን ሳይቀምሱ ትልቁን ያም ወደ እሷ ሳህን ሲያሻግሩ አየች። የያሟን ቁራጭ አላመጠች፣ ዋጠች። «እሺ ናና» አለች። «ትልቁ ይሁን።»

ማሽኑ በሦስት ሰው ሸክም ገባ። ናና ከፊት ከፊት እየሄዱ መንገድ አሳዩ፤ ከበሩ የሚርቀውን፣ መስኮቱ በብረት የታጠረውን ጥግ መርጠው አስቀመጡት። ወዲያው ካላቸው ጨርቅ ሁሉ ምርጡን አውጥተው ልብስ ሰፉለት። ዱፊየ «ትንፋሽ አሳጣሽው እኮ!» ብላ ጮኻ ገፈፈችው። እንጂማ ናና የማይማሩት ነገር አልነበረም፦ ክፍሉ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ፣ የሐርማታን ነፋስ አቧራ በምን ዓይነት ብሩሽ እንደሚጠረግ፣ የመብራት ካርዱ ስንት ሲቀረው እንደሚሞላ። ማራገቢያው ሲያጓራ ሥራ ላይ ነው፣ ሲያንሾካሹክ አርፏል። ይህን ከዱፊየ ቀድመው ለዩት።

የመጀመሪያው ፊልም ማምፖንግ ከተማ የጭነት መኪና ባለቤት የነበሩ ሰው ቀብር ነው። ሟቹ የሸጧት መኪና አዲስ ቀለም ተቀብታ፣ ስማቸው ግንባሯ ላይ ተጽፎ ወንዙን ስትሻገር የሚያሳየውን ክፍል ላፕቶፑ ሦስት ቀን ይወስድበት ነበር፤ ይህ ከቁርስ እስከ ምሳ ጨረሰው። መበለቲቱ መኪናዋን ስታይ ከሬሳው በላይ አለቀሰች። ለቀስተኛው ደግሞ ሠሪው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

አክራም ደወለ፤ «ከነማሽንሽ ነይ» ብሎ ደመወዙንም ጨመረ።

«አልችልም» አለች ዱፊየ በስልኩ። «ማሽኔ እዚህ ነው። የሚነቀል አይደለም።» ናና በሩ ሥር ሆነው ሰሟት። አድብተው አይደለም፤ በሩ ስስ ነው። በዚያ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት የምስጋና ስጦታ ቄሱን ሳይቀር አስገረመ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤዲያኮ ማራገቢያውን ሊያጸዳ መጣ። ዱፊየ የአክራውን ነገር እንደ ወሬ ስታነሣበት ዊንዲቨሩን አስቀመጠና በመገረም አያት።

«ለምን ብለሽ ትነቅዪዋለሽ? ወርክስቴሽን አይደል እንዴ? ባለቤቱ ሌላ አገር ቁጭ ብሎ በኢንተርኔት እንዲያዘው ነው እኮ የተሠራው። ቢጠፋ እንኳ ከሩቅ ትቀሰቅሽዋለሽ። ያን ትንሹን ገዝተሽ ቢሆን ኖሮ ተገትሮ በቀረ ቁጥር አጠገቡ መገኘት ነበረብሽ። ይሄ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው።»

«ምን?»

«አቧራውን የሚጠርግለት፣ ካርዱን የሚሞላለት፣ ከቤት የማይወጣ የታመነ ሰው።»

ሁለቱም ዞር ብለው ናናን አዩ። ናና ብሩሹን ይዘው ቆመዋል። ይዋሽ ይሆናል በሚል ተስፋ የቤዲያኮን ጆሮ ቢያዩት ድንጋይ ነው።

ዱፊየ አንዲት ቀላል ሻንጣ ይዛ ሄደች። በአውቶቡሱ በር ላይ ናና ነጠላ ጨርቃቸውን በትከሻዋ እየጠቀለሉ «ሦስት ወር እንዳትዪኝ ብቻ» አሏት።

«ስድስት ነው፣ ናና።»

እንዳይንቀሳቀስ ተብሎ የተገዛው አልተንቀሳቀሰም። ከጥጉ ሆኖ ሠላሳ ሁለት እጁን እያፍተለተለ የአክራን ሥራ ይሠራል። በመጀመሪያው ሳምንት ስልኩ በቀን አራት ጊዜ ይጮህ ነበር። «ናና፣ ክፍሉ ቀዝቅዟል?» «ቀዝቅዟል።» «ካርዱ ተሞልቷል?» «ተሞልቷል።» ስለ ጉልበታቸው የጠየቃቸው ባይኖርም ድምፅ ድምፅ ነውና ናና አልከፋቸውም። ጉዱ ግን ቤዲያኮ አለመዋሸቱ ነበር። ማሽኑ አይበላሽም። አይደክምም። ሲሳሳት ራሱን ያርማል። የሚጠየቅለት ነገር እየጠፋ ሲሄድ ስልኩም በቀን አንድ ሆነ፣ ቀጥሎ በሁለት ቀን አንድ። በአምስተኛው ሳምንት ዱፊየ የደወለችው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ነው። ናና ስልኩን ዘግተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እሑድን ያውቋታል።

ማክሰኞ ዕለት ክፍሉን ሲጠርጉ መጥረጊያቸው ኢንተርኔት የሚያስገባውን ትንሽ ሳጥን ገመድ ነቀለው። መብራቶቹ ድርግም አሉ። ናና ደንግጠው ሳይጎነበሱ ስልኩ ጮኸ።

«ናና! ምን ሆነሽ? ወደቅሽ? ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ትንሿ ሳጥን ጠፍታ ነው። ሥራሽን አበላሸሁብሽ?»

«የለም፣ ማሽኑ ሥራውን ይቀጥላል። እኔ ነኝ የማላየው። ደንግጬ እኮ... እውነት ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ አልኩሽ። በላሽ?»

«ገና።»

«እስካሁን? በምን አንጀትሽ ነው የምትሠሪው?»

አርባ ደቂቃ አወሩ። የጉልበታቸው ነገርም ተነሣ።

ናና ሕሊና ያላቸው ሴት ናቸው፤ ሁለት ቀን አሰቡበት። ማሽኑ አይጎዳም። ሥራው አይቋረጥም። የማታየው እሷ ናት፣ እሷም ብትሆን ለጥቂት ጊዜ። ሐሙስ ዕለት ሳጥኗን አጠፏት፤ በመጥረጊያ ሳይሆን በጣታቸው። ሰዓቱንም አስተውለው መረጡ፤ ማራገቢያው ሲያንሾካሹክ፣ ልጅቷም ምሳዋን መብላት ሲገባት። ከዚያ ቅዳሜ። ከዚያ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ።

«ናና፣ በዚህ ሳምንት ሦስተኛው ነው» አለች ዱፊየ ዓርብ ዕለት። «ማሽኑ ምንም የለበትም፤ እዚህ ሆኜ መርምሬዋለሁ። የመስመር ብልሽት መሆን አለበት። ቴክኒሻን ልላክልሽ?»

«የማላውቀውን ወንድ ቤቴ አላስገባም።»

«እሺ» አለች ዱፊየ። «ነገ ራሴ መጥቼ አየዋለሁ። እሑድ ከሰዓት እመለሳለሁ።»

ናና መብራቷ የጠፋውን ትንሽ ሳጥን አዩ። ጣታቸው ገና ከማጥፊያው ላይ አልተነሣም ነበር።

«እኔ እንጃ ልጄ» አሉ። «ከባድ ብልሽት ይመስለኛል። በሁለት ቀን የሚገኝ አይመስለኝም።»