የመስኮቱ ባሮ ሽንኩርት

መምህርቷ እንደ ወትሮዋ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፤ ሻይ ጣደች። ከዚያ ከወጥ ቤቱ መስኮት ደፍ ላይ ብርጭቆውን አንሥታ የትናንቱን ውሃ ደፋች፤ የባሮ ሽንኩርቱን ሥር በጣቷ አለቅልቃ ንጹሕ ውሃ ሞላችለት።

ቁራጩን ብርጭቆው ውስጥ ያቆመው ባሏ ነበር። ሽንኩርት ሲከተፍ ሥሩ ሲጣል ማየት አይሆንለትም። «የሚበቅል ነገር ቆሻሻ አይባልም» እያለ ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል ያስቀርና ውሃ ውስጥ ያኖረዋል፤ ሲያቆጠቁጥ አፈር ወዳለበት ጣሳ ያዛውረዋል። ይኼኛውን ሳያዛውር ማክሰኞ ታመመ፤ ዐርብ ተቀበረ።

በስድስተኛው ሳምንት እሑድ፣ ልብስ ሰፊዋ የባሏ እህት ልትጠይቃት መጣች። መስኮቱ ጋ ቆማ ቅጠሉን ዳሰሰች።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ ገርጥቷል። አፈር ይፈልጋል።»

«ውሃውን በየቀኑ እቀይርለታለሁ።»

«በውሃ ብቻ ማን ሲወፍር አየሽ? ቢሆንማ እኔ እስካሁን ሸንቃጣ ሆኜልሽ ነበር!» ብላ ሳቀች። ወዲያው ከበረንዳው ጣሳ ይዛ ተመለሰች። «ነይ እንትከለው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

«ተይው።»

«ምን ነካሽ እትዬ? ወንድሜ ቢሆን እኮ...»

«አፈር ውስጥ አላስገባውም አልኩሽ!»

ልብስ ሰፊዋ ጣሳውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው፤ እጇን ታጥባም ስለ ልጆቿ ትምህርት ማውራት ጀመረች።

መምህርቷ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ባዮሎጂ አስተምራለች፤ እንዲህ ያለ ቁራጭ የያዘውን ስንቅ ሲጨርስ ውሃ ብቻውን እንደማያቆየው ለስንቱ ተማሪ አስረድታለች። ግን እሱ ባቆመበት ቦታ እንዲቆይላት ፈለገች። አፈር ደግሞ አንድ ጊዜ በእጇ ዘግና በትናለች፤ ለሁለተኛው እጇ እምቢ አላት።

በሳምንቱ ቅጠሉ ተልፈሰፈሰ። ጠዋትና ማታ ብትቀይረውም ውሃው መሽተት ጀመረ። ሐሙስ ሥሩን ስታለቀልቅ ላሽቆ ጣቷ ላይ ቀረ። ያን ጊዜ ወደ በረንዳው ሮጣ ጣሳውን አፈር ሞላችው። የሚተከል ነገር ግን አልተረፈም።

ዛሬም አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፤ ሻይ ጣደች። መስኮቱ ደፍ ላይ ብርጭቆው የተወው ክብ ምልክት አለ። ባሏ በእጁ ያኖረው ባሮ ሽንኩርት የለም።