የታይቱ ዘዴ

«ባልሽ እንግዳው ወደቀ» ሲሏት ታይቱ መጀመሪያ ያሰበችው ኩንታሉን ነበር። ተጭኖት ይሆን? ራሱን መትቶት ይሆን? ወረታ ከተማ ውስጥ በሩዝ መፈልፈያ ቤት የሚሸከም ባል ያላት ሴት ሁሉ እንዲህ ያለው ወሬ አንድ ቀን ደጇ ላይ እንደሚቆም ታውቃለች። ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ እየተደናቀፈች ሮጠች። ስትደርስ ግን የወደቀ ኩንታል የለም፤ ደምም የለም። ባሏ ከሩዝ ገለባው ክምር አጠገብ እግሮቹን ዘርግቶ ተቀምጦ፣ የሌላ ሰው እግር ይመስል አተኩሮ ያያቸዋል።

«ምን ሁነህ ነው?»

«እንጃ። ምንም አልተሸከምሁም ነበር። ውኃ ልጠጣ ብዬ ስራመድ እግሬ ከዳኝ» አላት።

«ተነስ በል።»

ሁለት ሰው ደግፎት ተነሳ። ያን ጊዜ ያየችውን ታይቱ እስክትሞት አትረሳውም። ሙሉ ኩንታል በጫንቃው ይዞ በቀጭን ሳንቃ ላይ ወደ መኪና የሚወጣው ሰውዬ፣ ተረከዙ መሬት አልነካ ብሎት በጣቶቹ ጫፍ ቆሟል፤ ጉልበቶቹ እርስ በርስ እየተጋጩ ይንቀጠቀጣል።

«ተረከዝህን አሳርፈው እንጅ!» ብላ ጮኸችበት።

«እምቢ አለኝ፣ ታይቱ።»

መቆጣትም ማልቀስም አልመጣላትም። ሰዎቹ ባጃጅ ጠርተው ሁለቱንም ሲያሳፍሯቸው እንኳ የምታየው ያንን ተረከዝ ነበር።

ታይቱን ለማያውቃት ሰው ትንሽ ልበል። በዚያ ሰፈር በኑሮ ውድነት ያላማረረች አንዲት ሴት ብትፈለግ እሷ ነበረች። ዘይት ሲወደድ ጎረቤቱ በየበሩ ተቀምጦ ነጋዴውንና ዘመኑን ሲረግም፣ እሷ ዘይቱን በማንኪያ ጫፍ ማድረግ ጀመረች፤ በኋላም እርግፍ አድርጋ ተወችው። ሽንኩርት ተወደደ። ሽንኩርት እኮ እዚያው ከከተማው ግርጌ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው የሚበቅለው! በመኪና እየተጫነ በደጃቸው ያልፋል፤ ዋጋው ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ነው የሚያስመስለው። ታይቱ «ሽንኩርት ለሽታው ነው» አለችና አንዷን ራስ ለሰሞን አብቃቃቻት። ጤፉን በሩዝ ተካች። «ኑሮ በዘዴ፣ ጾም በሁዳዴ» የምትለው ተረት ከአፏ አትጠፋም፤ ስትላትም ከልቧ እየሳቀች ነው። ያላትን የምትወድ ሴት ነበረች። እንግዳው ከሥራ ሲመለስ ትሪው ላይ ትኩስ ነገር ካለ፣ እሱም እጁን ታጥቦ «ተመስገን» ካለ፣ ታይቱ ከዚያ ወዲያ ከዓለም የምትፈልገው ነገር አልነበረም።

ጥቂት ኩራት ግን ነበረባት። ቆጣቢ ሰው ሁሉ ያችን ኩራት አያጣትም፤ ገንዘብ የሌለው ሰው በምን ይኩራ?

ጉዱ ያለው ሽሮው ላይ ነው። የሽምብራ ዋጋ ሰማይ ሲወጣ፣ የእንግዳው ታላቅ ወንድም ያየህ ከሜዳው አንድ ከረጢት ጓያ ይዞላት መጣ። ያየህ ገበሬ ነው፤ እንደ አገሩ ሰው ሩዙን ካጨደ በኋላ በቀረው እርጥበት ላይ ጓያ ይዘራል። «ከሽምብራው ቀላቅይው እንጅ ብቻውን አይሆንም» ብሏት ነበር። እሷም «እሽ፣ አያ ያየህ» ብላ እኩል በእኩል አስፈጨችው። የሽምብራው ዋጋ ሲጨምር የሽምብራውን ድርሻ ቀነሰች፤ እንደገና ሲጨምር እንደገና ቀነሰች። እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊቷን ብቻ ስታይ፣ ከገና ወዲህ ሽምብራው ለስሙ አንድ እፍኝ ብቻ ሆኖ ቀረ። ከረጢቱ ሲያልቅባትም ይፋግ ገበያ ወርዳ ሌላ ገዛች፤ ከጥራጥሬው ሁሉ የረከሰው እሱ ነበርና።

ጓያ ሰው እንደሚሰብር አታውቅም ነበር እንዳይባል የፎገራ ልጅ ናት። በልጅነቷ መንደራቸው ውስጥ በሁለት ምርኩዝ የሚሄድ ሰው ነበር፤ «ጓያ ሰብሮት ነው» ይሉታል። እንዴት ሰበረው ለሚል የትልልቆቹ መልስ አንድ ነበር፤ እንፋሎቱ። ጓያ ሲፈላ እንፋሎቱ ያገኘው ይሰበራል፣ ገለባው ላይ የተኛ ይሰበራል፣ በላቡ ማሳውን ያቋረጠ ይሰበራል። ስለዚህ ታይቱ ተጠነቀቀች። እንዴት ያለ ጥንቃቄ! ድስቱን ግቢ አውጥታ ትጥደዋለች። ጉልበቷን በጋቢ ጠቅልላ፣ ራቅ ብላ ቆማ፣ በረጅም ማማሰያ ታማስለዋለች። እንግዳው ቤት ካለ «ወደ ውስጥ ግባ፣ ነፋሱ ወዳንተ ነው» ትለዋለች። ወጡ ረግቶ እንፋሎቱ ሲጠፋ ብቻ ወደ ቤት ይገባል፤ ከዚያ በጭልፋ ሞልታ ታወጣለታለች።

ይህንንም ዘዴ ለራሷ ብቻ አላስቀረችውም። ከጎኗ ያለውን ቤት የተከራየችው ምኞት ከአዲስ አበባ የመጣች አስተማሪ ናት፤ መስከረም ከምትባል ልጇ ጋር ትኖራለች። ደሞዟ ወሩን አልዘልቅ እያላት አንድ ቀን ታይቱ ጋ መጥታ ስታለቅስ፣ ታይቱ ጓያውን ሰፍራ ሰጠቻት፤ አጣጣዱንም አሳየቻት። «ዋናው እንፋሎቱ ነው፤ ልጅሽን ከእንፋሎቱ አርቂ» አለቻት። ምኞት አንገቷን አቅፋ ሳመቻት። «እትዬ ታይቱ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር!» ያን ቀን ታይቱ ወደ ቤቷ ስትመለስ እግሯ መሬት የረገጠ አይመስላትም ነበር።

ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ፣ ባጃጁ ውስጥ እንግዳው የደበቀውን ነገር ቀስ ብሎ አወጣው። ከሰሞኑ ጧት ጧት ባቱ እየተኮማተረ፣ እግሩ እንደ እንጨት እየደረቀ ያስቸግረው ነበር። «ለምን አልነገርከኝም?» አለችው። «ብርድ መስሎኝ። ደግሞ ሐኪም ቤት ልሂድ ብል ያጠራቀምሻትን ላስወጣሽ ነው» አላት። እሱም ከእሷ ተምሮ እግሩን በዘዴ ይዞት ኖሯል።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያያቸው ሐኪም ገና ወጣት ነው። የእንግዳውን ጉልበት በትንሽ መዶሻ ነካ ሲያደርገው እግሩ ተስፈንጥሮ ሐኪሙን ሊመታው ደረሰ። ሐኪሙ ሌላውንም ነካ። ያም ተስፈነጠረ። ከዚያ መዶሻውን አስቀምጦ ወደ ታይቱ ዞረ።

«ምን ምን ትመገባላችሁ?»

«በሁዳዴ ምን ይበላል ጌታዬ፤ ሽሮ ነዋ።»

«የምን ሽሮ?»

«የጓያ» አለች ታይቱ። ሐኪሙ ፊቱን ሲያጠቁር አይታ ቶሎ ቀጠለች። «ግን እንፋሎቱን አላስነካውም! ግቢ አውጥቼ ነው የምጥደው፤ እስኪረጋ ወደ ቤት አላስገባውም። እስቲ እሱን ይጠይቁት!»

በዚያች ሰዓት እንኳ ድምፅዋ ውስጥ ያች ኩራት ነበረች።

«እህቴ» አለ ሐኪሙ፣ ቀስ ብሎ። «እንፋሎቱ ሰው አይሰብርም። ገለባውም ማሳውም አይሰብርም። የሚሰብረው መብላቱ ነው። አልፎ አልፎ፣ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ የበላ ምንም ላይሆን ይችላል። በየቀኑ፣ ለወራት እሱን ብቻ የበላ ነው የሚጎዳው። ከባድ ሥራ የሚሠራ ደግሞ ይብስበታል።»

ታይቱ ሳቀች። ከድንጋጤ ብዛት የሚመጣ ሳቅ አለ፤ እሱን ሳቀች። «አይሆንም! አንድ ትሪ ላይ እኮ ነው የምንበላው። መብላቱ ከሆነ እኔ በምን ቆምሁ?»

የመለሰላት አልጋው ላይ የተጋደመው እንግዳው ነው።

«አንቺ መች በላሽ?» አለ፣ ጣራ ጣራውን እያየ። «ወጡን ወደኔ እየገፋሽ፣ አንቺ እንጀራሽን በጨውና በቃሪያ ነው የምትበይው። የሚሸከም ሰው ይብላ እያልሽ።»

እውነቱን ነው። ከራሷ ጉሮሮ ቆጥባ ነው የጨመረችለት። የሁለት ሰው ድርሻ፣ በየቀኑ፣ በፍቅር። ታይቱ እጆቿን አነሳችና አየቻቸው፤ የማን እጆች እንደሆኑ የጠፋት ትመስል ነበር። ሐኪሙ ጓያውን ከዛሬ ጀምሮ ጨርሶ እንዲተው፣ ከተወ ሕመሙ ከዚህ እንደማይብስ፣ እስካሁን የተጎዳው ግን ላይመለስ እንደሚችል ሲናገር ቃሉ ከሩቅ ይሰማታል። እንግዳው እጇን ፈልጎ ያዘ። «ተመስገን፣ አንቺን አላገኘሽም» አላት። ቢረግማት ይሻላት ነበር።

«ከእናንተ ሌላ እንዲህ የሚመገብ የምታውቁት ሰው አለ?» አለ ሐኪሙ።

ታይቱ ከወንበሯ ብድግ አለች።

እንዴት እንደደረሰች አታውቀውም። ባጃጅ ለመጥራት አላሰበችም፤ በአስፋልቱ ዳር ሮጠች፣ አንድ ጫማዋ የት እንደቀረ እንጃ። የምታየው የመስከረምን እግሮች ብቻ ነው። ያች ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመጣ የምትዘል እንጅ የምትራመድ አይደለችም። ሰሞኑን ዘላ ነበር? ትናንት? ታይቱ ልታስታውስ ሞከረች፤ ምንም ትዝ አላላትም።

የምኞትን የቆርቆሮ በር በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ድስቱ ግቢው መሀል ምድጃ ላይ ተጥዶ ይንተከተካል። ምኞት ጉልበቷን በጋቢ ጠቅልላ፣ ራቅ ብላ ቆማ፣ በረጅም ማማሰያ ታማስላለች። ሁሉም ታይቱ እንዳስተማረቻት ነው። መስከረም ከቤቱ ውስጥ፣ ከደፉ በስተጀርባ ተቀምጣ ትሪው ላይ እንጀራ ዘርግታ ትጠብቃለች።

«እትዬ ታይቱ፣ ራቂ! እንፋሎቱ! ጉልበትሽን ሳትሸፍኚ!» ብላ ምኞት ጮኸች።

ታይቱ ቀጥ ብላ ወደ ድስቱ ሄደች። የድስቱን ጆሮ በባዶ እጇ ይዛ ገለበጠችው። ሽሮው አመዱ ላይ ፈሰሰ፤ እሳቱ ተንሿሽቶ ጠፋ፤ እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈናት።

«ምን ነካሽ?» አለች ምኞት፣ ማማሰያው ከእጇ ወድቆ። «የልጄ ምሳ እኮ ነው! ሌላ ምን አለኝ ብለሽ ነው?»

«ይፍሰስ» አለች ታይቱ። አንዲት ጠብታ ዘይት ስትፈስ የሚያማት ሴት ናት። «ይፍሰስ! ቤት ያለውንም አምጭና አብረን እንድፋው። መስከረም! ነይ እስቲ፣ ልጄ። ጫማሽን አውልቀሽ ነይ፣ ቀስ ብለሽ።»

ልጅቱ ግራ ገብቷት እናቷን አየች፣ ከዚያ ወጣች። ታይቱ መሬት ላይ ተንበረከከች፤ ፊቷ ከልጅቱ እግር እኩል ሆነ። ቀኙ ተነሳ፣ ተረከዙ አቧራው ላይ አረፈ። ግራው ተነሳ። ታይቱ ትንፋሿን ያዘች። ግራውም ሙሉ በሙሉ አረፈ፤ አቧራው ላይ የተረከዙ ክብ ቅርፅ ታተመ። ታይቱ ያን ቅርፅ በተቃጠለ መዳፏ ዳሰሰችው፣ ከዚያ የታፈነው ልቅሶ ወጣ።

«እትዬ ታይቱ፣ ኧረ በማርያም፣ ምን ሆነሽ ነው? እንግዳው ደኅና አይደለም?» ምኞትም አጠገቧ ተንበረከከች።

«ተሰብሯል» አለች ታይቱ። «እንፋሎቱ አይደለም፣ ምኞትዬ። መብላቱ ነው። እኔው ነኝ በጭልፋ እየሞላሁ የሰበርሁት። አንቺንም ያስተማርሁሽ እሱኑ ነው።»

የምኞት ዓይን ቀስ ብሎ ወደ ልጇ እግሮች ወረደ፤ እዚያው ቀረ።

ታይቱ ፊቷን በቀሚሷ እጀታ ጠረገች። የፈሰሰውን ሽሮ እየረገጠች ተነሳችና ልጅቱን በትከሻዋ ይዛ ወደ ቤቱ ደፍ መለሰቻት።

«እስቲ እንደገና ነይ» አለቻት።